በቀርከሃው ጫፍ ያለችው መብራት

የካቲት 12 ቀን 2008፣ ቅዳሜ። እንጅባራ።

አሁን ከኢንተርኔት ቤት መመለሴ ነው። ያለወቅቱ ዘንቦ ጫማዬ ጭቃ ሆኗል። ዛሬም አልሆነም። ውድነሽ ታየችኝ፤ ነገር ግን ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ነው የተቀመጠችው። ከኋላዬ ሁለት ጎረምሶች ኳስ ያያሉ። ከጎኔ አንዲት ልጅ ትተይባለች። ውድነሽ እነሱን ነው የምታየው፣ እኔን አይደለም። ሰሌዳዋን አንሥታ «ሰው አለ» ብላ ጻፈች። እጇን አወዛወዘች። ጠፋች።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩን እስከ ዛሬ በደፈናው ነው የጻፍኩልህ። ዛሬ በሥርዓት ልጻፈው። ባለቤቴ ጉሮሮዋ ላይ እጢ ወጥቶባት አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አሁን የምትተነፍሰው በአንገቷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው። ድምፅ የላትም። ከልጃችን ከሕይወት ጋር ናት። እኔ እዚህ ነኝ። ወገቤ የዓባይን በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አይችልም፤ አንዴ ሞክሬ ስንት ጊዜ ተኛሁ። ስልክ ስደውል የምሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ካልተያየን አንነጋገርም።

ሰፈራችን ከጉብታው ጀርባ ነው። ሞባይል ድምፅ ያመጣል፤ ምስል አያመጣም። ምስል ያለው አስፋልት ዳር፣ ኢንተርኔት ቤት፣ ሰው መሐል። እሷ ደግሞ አንገቷን ለሰው አታሳይም።

ቤቴ ቁጭ ብዬ ላያት ይገባል። መፍትሔ ይኖረዋል። ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው መልስ የሌለው እያልኩ አይደል ያስተማርኩት።


የካቲት 14፣ ሰኞ

ጌታሁንን ጠየቅኩት። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ነው፤ ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ። ፂሙ ሸብቷል፣ ዛሬም ቲቸር ይለኛል። የብሮድባንድ መስመርህ በአየር ቤቴ ድረስ ሊመጣ ይችላል ወይ አልኩት። ብቻውን አይደርስም፤ ጎረቤት ከገባበት ግን ይደርሳል አለ።

ወረቀት ላይ ሣልነው። በየጣሪያው አንድ ትንሽ ሣጥን። አንዱ ከአንዱ ይቀበላል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ቤት ሲቃጠል ተሰልፈን ውሃ እንደምንቀባበለው። የእኔና የጌታሁን ጣሪያ አይተያዩም፤ ጉብታውና ባሕር ዛፉ መሐል ገብተዋል። ሁለታችንንም የሚያዩ ጣሪያዎች ሁለት ናቸው። የአቶ ቢያድግልኝና የወ/ሮ አንጓች።

ጌታሁን አንዱ ይበቃል አለኝ። እኔ ሁለቱም ይሁኑ አልኩ። መረብ ከተባለ መረብ ይሁን። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይይዛል። ሣጥኖቹ መንገዱን ራሳቸው ፈልገው ያገኛሉ ተብሏል።

መጀመሪያ የስልክ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ። ነገ ሄደን እንጠይቃለን።


የካቲት 20፣ እሑድ

ፈቃድ ተገኘ። ለጎረቤት አካፍሉ፣ አትሽጡ ተባልን። ደግ።

ከቅዳሴ መልስ ቢያድግልኝ ዘንድ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ጨዋታ አያልቅበትም። «አንተ መምህር፣ ጡረታ ወጥተህም ለሰው የቤት ሥራ ትሰጣለህ?» አለኝ። ነገሩን አስረዳሁት። ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና ሚስትህ በእኔ ጣሪያ ላይ ካለፈች ኬላ አቁሜ አስፈትሻለሁ አለ። ባለቤቱ ወ/ሮ የሺ አፈረች። እኔ ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

ወ/ሮ አንጓች ዘንድ። ከገጠር የመጣች፣ አገውኛም አማርኛም የምትናገር ባልቴት። ልጇ መልካሙ ዓረብ አገር ነው፤ ከሄደ ወዲህ ድምፁን እንጂ ፊቱን አላየችም። ምን እንደሆነ፣ መብራት ይበላ እንደሆነ፣ ምንም አልጠየቀችኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፊቱን ያሳየኛል? ያሳይሻል አልኳት። ተነሥታ ጓሮዋ ገባችና ቀርከሃ መረጠችልኝ። ለሁላችንም ምሰሶ።


መጋቢት 3፣ ቅዳሜ

ሣጥኖቹ ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጡ። ኬብሉን ጌታሁን ከዳንግላ አመጣ። ሙሉ ቀን ሥራ። ምሰሶ ማቆም፣ ማሰር፣ ማስተያየት። ወገቤ አለቀ።

ቢያድግልኝ መሰላል ይዞ መኪና እንደሚያስገባ ሰው ያዘናል። ወደ ግራ ስበር። ቀስ። ቁረጥ። በቃ። ጌታሁን ጣሪያው ላይ ሆኖ በሳቅ ሊወድቅ። የእኔ ምሰሶ ዘሟል፤ ሌላው ደህና ነው ቢልም አስፈትቼ እንደገና አሳሰርኩት። የዘመመ ነገር አልወድም።

በቀርከሃው ጫፍ ባለው በየሣጥኑ ላይ ትንሽ መብራት አለች፤ ኮረንቲ የሚሰጠው ጓደኛው ሣጥን ቤት ውስጥ ነው። ከተገናኘ አረንጓዴ፣ ካልተገናኘ ቀይ። እስካሁን ቀይ ነው።


መጋቢት 11፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11፡30

አየኋት። ቤቴ ውስጥ። በሩን ዘግቼ።

ውድነሽ መጀመሪያ በስተኋላዬ አየች። ግድግዳውን። የራሷን ቁም ሣጥን። ማንም እንደሌለ ስታውቅ ነጠላዋን ፈታችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አንገቷን አሳየችኝ። እኔም አየሁት። ዓይኔን አላነሣሁም። ይህን ያህል ጊዜ ሌላ ሰው ሲያጥበው የነበረ ቁስል ነው።

ከዚያ ሰሌዳ አነሣች። «በላህ?»

ሚስት ባሏን የምትጠይቀው ስንት ነገር አለ፤ እሷ ግን ከድሮም መጀመሪያ ይህንኑ ነው። በላሁ አልኳት። ምን ብላ በእጇ ጠየቀች። ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ቅንድቧን አነሣች። ያቺን ቅንድብ ስልክ አያመጣትም፣ ማስታወሻዬ።

ሕይወት እንዳለችው እናቷ ሁለት ሰሌዳ አላት። አንዱ የሚጠፋና የሚጻፍበት። ሌላው «በላህ?» ተብሎ ተጽፎ የሚቀመጥ ነው፤ አይጠፋም።

በየቀኑ 11 ሰዓት ልጃችን ከሥራ ስትገባ እንገናኛለን። ተስማማን።


መጋቢት 19፣ ሰኞ

የሣጥኑን አያያዝ አስተማርኩ። የሺና አንጓች አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ፤ ቢያድግልኝ እንደ ሰነፍ ተማሪ ከኋላ።

ውሃ አይንካው። ልጅ አይሳበው። መብረቅ ሲያጉረመርም ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲያባራ መልሳችሁ ሰኩት። አገራችን መብረቅ አያጣውም። አንጓች ግራ ስትጋባ አየሁ። ምሳሌ ፈለግኩላትና እንደ ሬዲዮ ያዢው አልኳት። ሬዲዮሽን የምታደርጊውን እሱንም አድርጊው። ፊቷ በራ። የሺም እንዲያ ከሆነማ ቀላል ነው አለች።

ጥሩ ምሳሌ መስሎኝ ተደሰትኩ። ጥሩ ምሳሌ ለአስተማሪ ደመወዝ ነው።


ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ

ፈተና አደረግሁ። የቢያድግልኝን ሣጥን አስነቀልኩ። የእኔ መብራት ጥቂት ብልጭ ድርግም አለና በአንጓች በኩል ዞሮ አረንጓዴ ሆነ። መልሼ የአንጓችን አስነቀልኩ። በቢያድግልኝ በኩል ሠራ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ያዘ። ጌታሁንን ጠርቼ አሳየሁት። ኤክሰለንት ቲቸር አለኝ፤ እኔው እለው በነበረው ድምፅ።

አንጓች ልጇን ካየች ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። በአገውኛ ነው የሚያወሩት። በአጥር በኩል እሰማለሁ። ብዙው አይገባኝም። ሳቋ ግን ይገባኛል።

አሁን መጥፎው። ሕይወት ለብቻዋ ደወለች። እብጠቱ ተመልሷል። ሐኪሞቹ ሁለተኛ አንነካውም ብለዋል። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ አንተም እንዳትነግራት አለችኝ። በ11 ሰዓት ፊቴን አስተካክዬ ቀረብኩ። ውድነሽ ትንሽ አየችኝ። ጻፈች። «አውቃለሁ።»

ሌላ ምንም አልተጻፈም። ተያየን።


ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ

ማረሚያ። ከትናንት በስቲያ ሌላ ምንም አልተጻፈም ብያለሁ። ስህተት ነው። መጨረሻ ላይ «ራትህን እንዳትዘል» ብላ ጽፋ ነበር።


ሚያዝያ 23፣ ፋሲካ

እንኳን አደረሰን። ቤቴ ሞላ። ቢያድግልኝና የሺ፣ አንጓች፣ ጌታሁን። ውድነሽ ሰው እንዳለ እያየች ነጠላዋን አልሳበችም። በሠፈሯ ሰው ማፈሯን ትታለች። ከስታለች፤ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

ቢያድግልኝ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። «እቴ ውድነሽ፣ ባልሽ ጣሪያዬ ላይ ወጥቶ ቀረ፤ አውርጂልን እንጂ» አላት። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው። ድምፅ የሌለው ሳቅ። ቢያድግልኝም ሲገባው ዓይኑ ሞላና ስልኩን መለሰልኝ።

«ክረምት ሳይገባ እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም።


ግንቦት 4፣ ሐሙስ

ቢያድግልኝ ሞተ።

ጧት ሻይ ጠጥቶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ልብ ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። እጄ አፈር አፈር ይላል። መሰላሉ ገና በእኔ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው ያለው። መመለስ ነበረብኝ።

11 ሰዓት ላይ ቀብር ነበርኩ። ለሕይወት አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። እናቷ ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች አለችኝ።


ግንቦት 5፣ ዓርብ

ከጧት ጀምሮ ለቅሶ ቤት። ከ11 ትንሽ ሲቀረው ልነጋገራት ብዬ ወደ ቤቴ መጣሁ።

ቀይ።

ወጥቼ አየሁ። በቢያድግልኝ ቀርከሃ ላይ መብራት የለም። መብረቅ የለ፣ ዝናብ የለ። በአንጓች በኩል ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። የአንጓችም ጠፍቷል። ኮረንቲ መስሎኝ አምፖሌን አበራሁ። በራ።

ተመልሼ ሄድኩ። በድንኳኑ አልፌ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኗል። ሬዲዮው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። የቤቱ ሣጥን ከጎናቸው፣ ገመዱ በወጉ ተጠቅልሎ፣ እሱም ነጠላ ለብሷል። የሺ ፍራሹ ላይ ሆና የማየውን አየች።

«መምህር፣ እንደ ሬዲዮ ነው ያሉንን አልረሳሁም፤» አለችኝ። «ሬሳው ሳይወጣ ነው ያስነቀልኩት። በእሱ ቤት ዘፈን አይለፍ ብዬ።»

አንጓች ከአጠገቧ ነበረች። እኔም የእኔን ነቅያለሁ፤ ጎረቤት ሞቶ ሬዲዮ ይከፈታል እንዴ አለች። ጌታሁንም ሱቁን ዘግቶ፣ ሁሉን አጥፍቶ፣ ድንኳኑ በር ላይ እንግዳ እጅ እያስታጠበ ነው።

የተናገሩት በሙሉ ልክ ነው። ያስተማርኩትን ነው የመለሱልኝ። ተማሪ መልሱን በትክክል መለሰና ጥያቄው ስህተት ሆነ።

አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይይዛል ብዬ ሠራሁት። ሁሉም በአንድ ልብ ቢያጠፉትስ? ይህን አላሰብኩም። በዚህ ሠፈር ልጅነትም ሽምግልናም ኖሬ አላሰብኩም።

«ደግ አደረግሽ» አልኳት።

ጌታሁንን ጠርቼ ሱቅህን ክፈትልኝ ማለት እችል ነበር። የሺን ለጥቂት ጊዜ ሰኪልኝ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ባሏን ትናንት ቀብራ፣ እኔ ሚስቴን ላይ ብዬ? ለሕይወት መልእክት ላክሁ። ለቅሶ ነኝ፤ ነገ። ለቅሶ ቤት ስልክ ሲጮኽ ነውር ነውና ስልኬን ዘጋሁት። ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሲቀርብልኝ በላሁ።

ነገ እነግራታለሁ። ቅንድቧን ታነሣብኛለች።


ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

የቢያድግልኝ ሠልስት። ጧት ስልኬን ስከፍተው ሕይወት ናት። እያለቀሰች።

በየተራው ልጻፈው። ትናንት ውድነሽ ከምሳ በኋላ ፀጉሬን አበጥሩልኝ ብላ በእጇ ጠየቀች። ነጭ ቀሚሷን አስመጣች። ደግፈው አስቀመጧት። 11 ሆነ። መልእክቴን አነበቡላት። ገባት፤ ራሷን ነቀነቀች። ግን ስልኩን ከፊቷ አታንሡብኝ አለች። ላስተኛሽ ስትላት ልጇን በእጇ ገፋቻት። እስኪጨልም እንዲያው ተቀመጠች። ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ይዛ።

ምን ጽፋ ነበር ብዬ ጠየቅኩ። ምን ብዬ እንደጠበቅሁ አላውቅም።

ያው ነው አባዬ አለች ልጄ። የማይጠፋው።

ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ናት። ዓይኗን አልገለጠችም።


ግንቦት 7፣ እሑድ

ውድነሽ


ግንቦት 8፣ ሰኞ

መጣች። ክረምት ሳይገባ እመጣለሁ ያለችውን ፈጸመች። በመኪና፣ በሣጥን። ቀበርናት፤ ከቢያድግልኝ ብዙም ሳትርቅ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ሁለቱም።

ሕይወት ሰሌዳዎቹን ይዛ መጥታለች። አልተቀበልኳትም። ገና ነው።

በላሁ፣ ንፍሮ፣ ለቅሶ ቤት፤ ያን ቀን። መልሱ ይህ ነበር። አንድ ቃል። ሦስት ጣሪያ ብቻ መሻገር ነበረበት።


ግንቦት 10፣ ረቡዕ። ሠልስት።

እጄ ዛሬ ይጽፋል።

የእድሩ ድንኳን ከቢያድግልኝ ደጅ ተነቅሎ እኔ ደጅ ተተክሏል። ያው ሸራ፣ ያው አግዳሚ። የሺ ማቅ ለብሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በራሷ ሐዘን ላይ የእኔን ጨመረች። ያን ዓርብ የሆነውን አታውቅም። እንዳትነግሪያት ብዬ ሕይወትን አስጠንቅቄያለሁ። ማንም አይነግራትም። ይህ የመጀመሪያው ውሳኔዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቀና ብዬ ቤቴን አየሁት። ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኗል። ሬዲዮው ግድግዳ ያያል። ሣጥኑም ተነቅሏል፤ ገመዱ ተጠቅልሏል። የውድነሽን ክብር የጠበቀ ሰው ነው ያደረገው። በበሩ አሻግሬ አየሁ። በአንዱም ቀርከሃ ላይ መብራት የለም።

ወ/ሮ አንጓች ፊት ለፊቴ ናት። መልካሙ ደውሎልሽ ያውቃል ወይ በዚህ ሰሞን አልኳት። እንዴት ብሎ ይደውላል፣ ለውድነሽ ብዬ ነቅዬው የለ አለች። ሆድዋ ግን እንዳልቻለ አየሁ። ስንተኛ ቀኑ ነው ልጇን ካየች? የቢያድግልኝን ለቅሶ፣ የእኔን ለቅሶ። ልጁስ እዚያ ማዶ ምን ይመስለዋል? እናቴ ምን ሆና ነው እያለ።

ተነሣሁ። ወገቤ ጮኸ። ሰው ሁሉ ወደ ጓዳ የምሄድ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ። ነጠላውን ከሣጥኑ ላይ አነሣሁና አጠፍኩት። ገመዱን ፈታሁ። ሰካሁት። አንድ የእድር ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሬዲዮውን አጥፉልኝ፤ እግዜር ይስጣችሁ» አልኩ። «ይህ ግን ሬዲዮ አይደለም። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ይህ ደጅ ነው። ለቅሶ ቤት ደጁ አይዘጋም።»

ጌታሁን ከድንኳኑ በር ተጠግቶ፣ ቲቸር፣ ሱቁን ስከፍት ሰው ምን ይላል አለኝ በጆሮዬ። የሚለውን ይበል፣ በእኔ ስም ክፈት አልኩት። ሄደ። የሺ ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። አንጓች ቆየች። እየቆየች ዓይኔን አየችው። ሂጂ እንጂ አልኳት።

ቀጥሎ ለእድሩ የምናገረው፦ ከእንግዲህ ማንም ቢሞት፣ እኔም ብሞት፣ ሣጥኑ አይነቀልም። በስብሰባ ቀርቦ ይወሰናል። በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይጻፍ፣ ይነበብ። ይህ ሁለተኛው ነው።

11 ሰዓት ሆነ። ፍራሼ ላይ ሆኜ በበሩ አያለሁ። በየሺ ቀርከሃ ላይ አንድ። ቆይቶ በአንጓች ላይ አንድ። የእኔ ብልጭ ድርግም አለችና አረንጓዴ ሆነች። እኔን የሚጠራ የለም። ስልኬን ግን ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

በአጥሩ በኩል የጎልማሳ ድምፅ መጣ። ከዚያ የአንጓች ለቅሶ፣ ከዚያ የአንጓች ሳቅ። አገውኛ ነው። በዚህ ሁሉ ጉርብትና የያዝኩት ቃል ጥቂት ነው። ልጁ አሁን የሚላት ግን ገብቶኛል። ደጋግሞ ይጠይቃታል።

በላሽ ወይ እያላት ነው።